ጎማው የቆመበትና የሚደርስበት

ሐምሌ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች በሰርቪስም በእግርም እየወጡ መንገዱን ሞልተውታል። እኔ ጎማዬን ሚስማር ወግቶት ከፓርኩ አለፍ ብላ ወዳለች የቆርቆሮ አጥር ጋራዥ ገባሁ። ጎማዬን ለማስለጠፍ ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበር፤ የወጣሁት ግን ከመሸ ነው። ያቆየኝ ግቢው መሃል የቆመው ነገር ነው፦ የቮልስ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ግማሹ ላሜራ ግማሹ ፋይበር ግላስ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ቀለም ያልነካው መኪና። የሠራው ፓርኩ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና የሚጠግን ወጣት ቴክኒሻን ነው። የጋራዡ ባለቤት ዕድሜያቸውን አይሱዙ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሦስተኛዋ ከቴክኒሻኑ ጋር አንድ ፋብሪካ የምትውል ፓተርን ሠሪ ናት፤ “ነይ መኪናዬን ላሳይሽ” ተብላ ነው የመጣችው። ስማቸውን አልጽፍም። መኪናው ገና ሰሌዳ የለውም።

ጋሼ፦ መሪውን ወደ ግራ ጨርሰው። ቀስ ብለህ… ቁም! ሰማኸው?

ቴክኒሻኑ፦ ሰማሁት ጋሼ። ግን እኮ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሦስት ጣት ያስገባል። ራሴ ነኝ የለካሁት።

ጋሼ፦ የት ሆኖ ለካኸው?

ቴክኒሻኑ፦ እዚሁ፣ ወለሉ ላይ ቆሞ።

ጋሼ፦ ቆሞማ የማይበቃው ጎማ የለም። የተጫነች አህያም በሩ ፊት ስትቆም የምታልፍ ትመስላለች። ይልቅ የትኛው ጎማ እንደሚነካ አየህ?

ቴክኒሻኑ፦ የግራው ነዋ። ወደ ግራ አይደል ያዞርኩት?

ጋሼ፦ ውረድና እይ።

(ወረደ። የግራው ጎማ ንጹሕ ነው። የቀኙ ትከሻ ላይ ግን ላሜራው የፋቀው ነጭ መስመር አለ፤ ፓራፋንጎው ከፊት በኩል ወደ ታች የሚታጠፍበት ቦታ።)

ቴክኒሻኑ፦ የቀኙ ነው! እንዴት ሆኖ?

ጋሼ፦ ወደ ግራ ስታዞር የቀኙ ጎማ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የውጭው ጥጉ ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል። በር ሲከፈት ጫፉ የት እንደሚሄድ አስበው። አሁን ምን ልታደርግ ነበር?

ቴክኒሻኑ፦ እውነቱን ልንገርዎት? ስፔሰሩን ላወፍረው ነበር። ጎማው ወደ ውጭ ከወጣ ከቦዲው ይርቃል ብዬ።

ጋሼ፦ አሁን ስንት ነው?

ቴክኒሻኑ፦ 30 ሚሊ ሜትር። እሱንም ወድጄ አይደለም። ይቺ ቮልስ በፈረንጆች ከ1968 በፊት ከተሠሩት ናት፤ ባለ አምስት ብሎን። ብሎኖቹ የተደረደሩት 205 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ነው። ለዚያ የሚሆን ሰፊ ቸርኬ ሶማሌ ተራ ስንት ቀን ተመላለስኩ፣ አጣሁ። በመጨረሻ ቶርኖ ቤት ይህን ስፔሰር፣ ማገናኛ ሰሌዳውን፣ አሠራሁና የሌላ መኪና ቸርኬ ገጠምኩ። ጎማው 205/70 ባለ 15 ነው።

ጋሼ፦ ብሎኑም 205፣ ጎማውም 205። ቁጥራቸው ስለገጠመ ዘመድ መሰሉህ?

ፓተርን ሠሪዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ከመኪና የማውቀው ሰርቪስ ብቻ ነው። 205/70 ምን ማለት ነው?

ቴክኒሻኑ፦ የመጀመሪያው የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የላስቲኩ ከፍታ የወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግርሻል። 15ቱ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ሲደማመር ይሄ ጎማ ከላይ እስከ ታች 66.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቮልስ ከፋብሪካ የምትወጣው በቀጭን ጎማ ነው፤ ዛሬ ለሱ የሚቀርበው 165/80 ሲሆን ቁመቱ 64.5 ነው።

ፓተርን ሠሪዋ፦ በቁመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው እንግዲህ። በወርድ አራት። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?

ጋሼ፦ ለዚህ ነው። ቆሞ ሲታይ ብዙ አይመስልም።

ፓተርን ሠሪዋ፦ እኛ ጋም እኮ እንደዚሁ ነው። ፕላስቲኩ ሰውነት ላይ የሰቀልከው ሸሚዝ ሁሉ ያምራል፤ ክንዱን አያነሳማ። ሰውዬው ለብሶት አውቶቡስ ላይ ብረት ሲጨብጥ ነው ብብቱ የሚይዘው። አዲስ የመጡ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለህ? የብብቱን ቀዳዳ ወደ ታች ያወርዱታል። ሰፋ፣ ተፈታ ይላሉ። ይብስበታል! ቀዳዳው በወረደ ቁጥር እጅ ሲነሳ ሸሚዙ በሙሉ ተጎትቶ ይወጣል። እጅ እንደ ልብ የሚነሳው ቀዳዳው ወደ ብብት ጠጋ ሲል ነው።

ጋሼ፦ በል ስማ። ለአንተ ልነግርህ የነበረውን ስለ ሸሚዝ እያወራች ጨረሰችው። ስፔሰር ማለት የወረደ ብብት ነው።

ቴክኒሻኑ፦ አልገባኝም።

ጋሼ፦ ጎማው የሚዞረው በራሱ መሃል አይደለም፤ በፔርኖው ነው፣ ከውስጥ በኩል ባለው። ከፔርኖው ባራቅኸው ቁጥር ሲዞር የሚያካልለው ቅስት ይሰፋል። ከውስጥ ያተረፍክ መስሎህ ከፊት ትከስራለህ። መሪውም ይከብዳል፤ ኩሽኔታውም ያልተሠራበትን ጭነት ይሸከማል።

ፓተርን ሠሪዋ፦ ፔርኖው ትከሻው ነዋ! ለምን ፓተርን አናወጣለትም? ካርቶን አለዎት?

(ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር የምጽፈው አንድ ቀን ለአንባቢም ይጠቅማል ብዬ ነው። የፍሪጅ ካርቶን መሬት ላይ ተዘረጋ። ልጅቷ ከሌላ ካርቶን ጎማውን ከላይ እንደሚታይ አድርጋ ቆረጠችው፦ 66.8 በ20.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን። ቴክኒሻኑ ከፔርኖው እስከ ጎማው መሃል ያለውን ርቀት በጎማው እምብርት ከፍታ ለካ፤ 6 ሴንቲ ሜትር መጣ። እዚያ ላይ ሚስማር ተመታ። ልጅቷ ካርቶኑን በሚስማሩ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ እያዞረች ጥጉ በደረሰበት ሁሉ በእርሳስ ነጥብ ጣለች፤ ነጥቦቹን ስታያይዛቸው መሬቱ ላይ ያበጠ ቅርጽ ወጣ።)

ፓተርን ሠሪዋ፦ ይኸውልህ። ጎማህ የሚፈልገው ቤት ይሄ ነው፤ አንተ የሠራህለት ግን አራት ማዕዘን ነው።

ቴክኒሻኑ፦ ቆይ ልለካው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ከሚስማሩ ወደ ፊት 33.4። ሲዞር… 37.1! ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይመጣል ማለት ነው። ሦስት ጣቴ እዚያው አለቀች።

ጋሼ፦ አሁን ማገናኛው የለም ብለሽ ሚስማሩን ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎማው አስጠጊው።

ፓተርን ሠሪዋ፦ 35.9።

ጋሼ፦ የቀጭኑን ጎማ ካርቶን ደግሞ ቁረጪና በዚሁ ሚስማር አዙሪው።

ፓተርን ሠሪዋ፦ 34.2። ከመጀመሪያው ሦስት ሴንቲ ሜትር ቀነሰ። ግን አንድ ነገር አያችሁ? የመጀመሪያው ካርቶን ሩቅ የሚደርሰው መዞሩን ሊጨርስ ሲል ነው። ይሄኛው ግን 19 ዲግሪ አካባቢ ጫፍ ደርሶ ከዚያ በኋላ ይመለሳል።

ቴክኒሻኑ፦ መሪውን ጨርሼ ብቻ ለክቼ ቢሆን ኖሮ አላየውም ነበር።

ጋሼ፦ አታየውም። ስንቱ ጎበዝ መካኒክ መሪውን ጨርሶ “አይነካም” ብሎ ሲሸኝ አይቻለሁ። ወደ ጓደኛው ቤት ሲታጠፍ፣ መሪው እኩሌታ ላይ፣ ክርርር! በነገራችን ላይ የጎማው ትከሻ እንደ ካርቶን ጥግ ሹል አይደለም፤ በእውነቱ ትንሽ ይቀንሳል። ግን በዚያ ትርፍ አትተማመኑ።

ቴክኒሻኑ፦ የግራውስ? ወደ ውጭ የሚዞረው?

ጋሼ፦ እሱ ደግሞ በጎን ነው የሚወጣው። አዙሪውማ፣ ከዚህኛው ይበልጥ አዙሪው። በመታጠፊያው ውስጥ ያለው ጎማ ከውጭኛው የበለጠ ነው የሚዞረው።

ቴክኒሻኑ፦ ይህንንማ ተምረነዋል። ውስጠኛው ጠባብ ክብ ስለሚሠራ ነው። ዘዴው የፈረስ ሰረገላ ዘመን ነው፤ የሙኒኩ ሰረገላ ሠሪ ላንከንስፔርገር አፈለቀው፣ በ1818 አከርማን የሚባል ሰው ለንደን ላይ አስመዘገበው፤ እስከ ዛሬ የሚጠራው በአስመዝጋቢው ስም ነው።

ጋሼ፦ ያስመዘገበ በላ። ስንት ወጣ?

ፓተርን ሠሪዋ፦ በመጀመሪያው ካርቶንና በመጀመሪያው ሚስማር፣ በ34 ዲግሪ የውጭው ጥግ ከሚስማሩ 32 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይደርሳል። ቀጥ ብሎ 16 ነበር። እጥፍ!

ጋሼ፦ በል እንግዲህ፣ ይሄ መሬት ላይ ተኝቶ ነው። መኪናው ገና አልዘለለም። ቮልስ ፊት ለፊት ባሌስትራም ሞላም የለውም፤ ሁለት አግድም ቧንቧ ውስጥ የተደራረቡ ቀጫጭን ብረቶች እየተጠማዘዙ ነው የሚሸከሙት። ጎማውን የያዙት ክንዶች ከቧንቧው ወደ ኋላ የተዘረጉ ናቸው። ስለዚህ ጎማው ጉብታ ሲመታው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ቅስት ይሠራል። ክንዱ አግድም ከሆነበት አልፎ ሲወጣ ጎማው ወደ የት ይሳባል?

ቴክኒሻኑ፦ ወደ ፊት። ወደሚፋቀው ላሜራ።

ጋሼ፦ ምስጋናው ወደ ጎን አለማዘንበሉ ነው፤ ሁለቱ ክንዶች እኩል ስለሆኑ ጎማው እንደቆመ ይወጣል። ሌላ መኪና ቢሆን ይሄም ተጨማሪ ራስ ምታት ነበር።

ፓተርን ሠሪዋ፦ ታዲያ ይሄንን በካርቶን እንዴት ይለኩታል?

ጋሼ፦ ይሄ በካርቶን አይሆንም። በጆንያ ነው። ባዶ መኪና በክሪክ ብታነሺው ጎማው ወደ ላይ አይገባም፤ መኪናው በሙሉ ነው የሚነሳው። ስለዚህ አሸዋ ትጭኛለሽ፣ ሰው እንደተቀመጠበት አስመስለሽ፤ ከዚያ አንዱን ጎማ ብቻ ከሥሩ በክሪክ ታነሺዋለሽ፣ ማረፊያው ላስቲክ እስኪነካ። ቢያንስ ሦስት ከፍታ ላይ እየቆምሽ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ። እሱ ብቻውን ሁለት ሰዓት ይበላል። እኔ አንዴ ሳልጭን ለክቼ የደረሰብኝን ልንገራችሁ?

ቴክኒሻኑ፦ ይንገሩን እንጂ።

ጋሼ፦ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ቅጥቅጥ እሠራለሁ። የጃፓን ሻንሲ ይመጣል፣ ላሜራውን እኛ በመዶሻ እናወጣለን። አንዱን ሠርቼ ጨረስኩ፤ ልጄን የዳርኩ ያህል ነበር ደስታዬ። ባዶውን አስነዳሁት፣ ሸጋ። ባለቤቱ ወሰደው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሰው ሞላ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ተጫነ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጋቢናው ጢስ በጢስ! ሰዉ እሳት መስሎት በመስኮት ወጣ። የጎማው ጎን በላሜራው ተላጭቶ ሽቦው ይታያል። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ባለቤቱ ጎማውን አሸክሞ ይዞት መጣና እዚህ ፊቴ ጣለልኝ። አንድም ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፓተርን ሠሪዋ፦ ከዚያስ?

ጋሼ፦ ከዚያማ ሊጥ ተማርኩ።

ቴክኒሻኑ፦ ሊጥ?

ጋሼ፦ የዳቦ ሊጥ። ጠንከር አድርገህ ታቦካውና ይነካል ብለህ በምትጠረጥረው ላሜራ ሥር ወፍራም አድርገህ ትለጥፈዋለህ። ጎማውን ዱቄት ታርከፈክፍበታለህ እንዳይዝ። ከዚያ ክሪኩን አንሳ፣ መሪውን አዙር፣ መልሰህ አውርድ። ሊጡን በምላጭ ስትቆርጠው የቀረው ውፍረት ነው ክፍተትህ። ጣት ይዋሻል፤ ሊጥ አይዋሽም። ጎማው ትከሻ ላይ ቾክ ብትቀባም ይሠራል፤ ቾክ ግን የሚነግርህ ነካ አልነካ ብቻ ነው። ስንት ቀረ አይልህም።

ፓተርን ሠሪዋ፦ ስንት ቢቀር ነው የሚበቃው? እኛ ለስፌትም ለመንቀሳቀሻም ትርፍ እንተዋለን፤ ለጃኬት ሌላ፣ ለሸሚዝ ሌላ።

ጋሼ፦ እኔ ሁሉም ጫፍ በደረሰበት ቦታ፣ ተጭኖ፣ ተነስቶ፣ ዞሮ፣ አንድ አውራ ጣት እላለሁ። 25 ሚሊ ሜትር። መታጠፊያ ላይ ጎማ ወደ ጎን ይታጠፋል። ፔርኖና ኩሽኔታ ሲያረጁ ይላላሉ። የዛሬው ጎማ ሲያልቅ የምትገዛው 205 የሌላ ፋብሪካ ይሆንና ጥቂት ይወፍራል። ደግሞ ሐምሌ ነው! በዚህ በጎሮና በአራብሳ በኩል ያለውን ዋልካ ታውቂዋለሽ፤ ጫማሽን ያወልቃል። ፓራፋንጎ ሥር ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው። አስፋልት ላይ የበቃህ ክፍተት አንድ ዝናብ ይደፍነዋል።

ቴክኒሻኑ፦ መሪው ብዙ እንዳይዞር ማቆሚያ ብበይድለትስ? ከመነካቱ በፊት ቢቆም?

ጋሼ፦ ይሆናል፤ ማቆሚያማ ግዴታ ነው፣ ያውም እዚያው ጎማውን በያዘው ብረት ላይ። ጎማው ላሜራ እየነካ የሚቆም ከሆነ ያ ማቆሚያ አይደለም። ግን ዋጋ አለው። በቀነስከው ዲግሪ ልክ መዞሪያህ ይሰፋል። ቮልስ እኮ 11 ሜትር በሆነ ክብ የምትዞር ናት። አንተ ኮንዶሚኒየም ግቢ ነህ፤ በየማታው ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ እያልክ ልትገባ ነው? ጎረቤት ይስቅብሃል። በል አሁን እጅህን ወደዚህ አስገባ። ይሄ ምንድነው?

ቴክኒሻኑ፦ የፍሬን ቱቦው።

ጋሼ፦ ዳብሰው።

ቴክኒሻኑ፦ … ተፍቋል።

ጋሼ፦ በውስጥ በኩል ጎማው ሲዞር እየላሰው ነው። አንተ ስለ ላሜራ ታስባለህ። ላሜራ ቢነካ ይጮሃል፣ ትሰማዋለህ። ይሄ አይጮህም። አንድ ቀን ብቻ ፍሬን ስትረግጥ እግርህ ወለል ይደርሳል። ዛሬ ይለወጣል፤ አዲሱ ሲገባም ጎማው በሚሄድበት ሁሉ ታየዋለህ፣ ተወጥሮም ተላልቶም።

(እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ቴክኒሻኑ ቱቦውን ለብቻው ደጋግሞ ዳበሰው። ቡና የቀረበው በዚህ መሃል ነው።)

ፓተርን ሠሪዋ፦ ግን እስቲ ልጠይቅህ፣ ለምን የተሠራ መኪና አትገዛም?

ቴክኒሻኑ፦ በምን? አሮጌ መኪና ላስመጣ ብል የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ፣ 1186/2012፣ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ከፈረንጆቹ 2024 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባትም ተከልክሏል። ቮልስ ግን አገር ውስጥ አለች። ዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው። ኮምፒዩተር የላት፣ ውሃ የላት። ቦዲዋን ስታወልቂው ሻንሲዋ ብቻውን ይነዳል። በ1960ዎቹ ብሩስ ሜየርስ የሚባል ካሊፎርኒያዊ ይህን አይቶ ሻንሲዋን 36 ሴንቲ ሜትር አሳጠረና ፋይበር ግላስ አለበሳት፤ ማንክስ ይላታል። በ1967 በሜክሲኮ በረሃ በተደረገው የመጀመሪያው የረጅም ርቀት ውድድር ያሸነፈችው እሷ ናት።

ጋሼ፦ ፎቶዋን አሳይተኸኛል። ፊቷን ግን አላየህም።

ቴክኒሻኑ፦ እንዴት?

ጋሼ፦ ፓራፋንጎዋ ከጎማው እጅግ ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ከፊት በኩልም ክፍት ነው፣ ወደ ታች የሚታጠፍ ነገር የለውም። ሰውዬው ለማማር ብቻ አይደለም እንደዚያ ያደረገው። አንተ ቅርጹን ወደድክና ከፊት በኩል ከንፈር ጨመርክበት። ጎማህ የሚፋቀው ያ ከንፈር ላይ ነው።

ቴክኒሻኑ፦ ጭቃ እንዳይረጨኝ ብዬ ነበር። ሎተስ ሰቨን ላይ ያለውን ዓይነት ላድርግ? በ1957 እንግሊዞች የሠሯት ናት፤ ትንሿ ፓራፋንጎ ጎማውን በያዘው ብረት ላይ ትታሰርና አብራው ትወጣለች፣ አብራው ትዞራለች።

ፓተርን ሠሪዋ፦ እሱ ጥሩ ነው! እጅጌ ማለት እኮ ነው፤ ከክንዱ ጋር የሚሄድ።

ጋሼ፦ ጥሩ ነው፤ ከጎማው ጋር ያለው ክፍተት አይለወጥም። ግን ያን ጊዜ ፓራፋንጎው ራሱ ከቦዲው ጋር እንዳይጋጭ ትለካለህ። ደግሞ እኛ ኮብልስቶን ላይ ማሰሪያው በሦስት ወር ይሰነጠቃል። ወፍራም ብረት ካደረግኸው ጎማው ይከብዳል። እኔ አልመክርህም፤ ከፈለግህ ግን አልከለክልህም።

ፓተርን ሠሪዋ፦ ጋሼ፣ እነዚህ አገር ውስጥ መኪና የሚገጣጥሙትስ እንደዚህ ነው የሚለፉት?

ጋሼ፦ የለም። አምቼ ከፈረንጆቹ 1970 ጀምሮ የጭነት መኪና ሲገጣጥም ኖሯል፤ ሆላንድ ካር ነበር፣ ዱከም ሊፋን ነበር፣ ማራቶን ሃዩንዳይ ገጣጥሟል። ሁሉም ኪት ነው፣ በሳጥን የሚመጣ። እነሱ ብሎን ሲያጠብቁ ጎማው የት እንደሚደርስ ሌላ አገር ያለ መሐንዲስ ለክቶ ጨርሶታል። ነውር አይደለም፣ ሥራ ነው፤ ትክክለኛ ማጥበቅም ሙያ ነው። እናንተስ ቢሆን? ፓርኩ ውስጥ የምትሰፉት ፓተርን ከየት ነው የሚመጣው?

ፓተርን ሠሪዋ፦ አብዛኛው ከገዢው ነው። በኮምፒዩተር ተልኮ ይመጣል፤ እኔ ለማሽናችንና ለጨርቁ አስተካክላለሁ። ከባዶ ወረቀት ያወጣሁትን በጣት እቆጥረዋለሁ።

ጋሼ፦ እሱ ደግሞ ከባዶ ወረቀት ጀመረ፣ ወረቀቱን ግን ዘለለው። በቀጥታ ላሜራ ቆረጠ። የዛሬው ካርቶን የዛሬ ዓመት መቆረጥ ነበረበት።

ቴክኒሻኑ፦ እሺ ጋሼ፣ ጥፋቴን አምኛለሁ። አሁን ምን ላድርግ? ግራይንደሩን ላንሳ?

ጋሼ፦ አስቀምጥ! መጀመሪያ ማገናኛውን ከፊት አውጣ። የጥንቱ ቸርኬ የት ነው?

ቴክኒሻኑ፦ እናቴ ግቢ አለ። አንዱ ላይ ዶሮ ትተኛበታለች።

ጋሼ፦ ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቃት። አስፋቀው፣ እንዳልጠመመ አሳይ፣ ቀለም ቀባውና 165/80 አግባበት፤ ፊት ለፊት እነዚያን ትገጥማለህ። ይሄን ሰፊውን ወደ ኋላ ውሰደው። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው፣ ክብደቱም የሚጎትተውም እዚያው፤ ስፋት የሚያስፈልገው ኋላ ነው። የኋላ ጎማ ደግሞ በመሪ አይዞርም፤ ለሱ የሚለካው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ማንክሷንም አስተውለህ እያት፣ ፊቷ ቀጭን ኋላዋ ሰፊ ነው።

ቴክኒሻኑ፦ ከፊት ቀጭን ሲሆን አያምርም እኮ።

ፓተርን ሠሪዋ፦ ያምራል! ወገብና ዳሌ ነው።

ጋሼ፦ ከዚያ በጆንያና በሊጥ ለካ። ከዚያ በኋላ ነው ግራይንደር፤ ከከንፈሩ የምትቆርጠው ሊጡ የጎደለበትን ብቻ። የቆረጥከውን ጠርዝ ወደ ውስጥ እጠፈው፣ ምላጭ ሆኖ እንዳይቀር። ደግሞ ይሄ ሁሉ ሳያልቅ ከዚህ ግቢ አትወጣም። የተሽከርካሪ አዋጁ፣ 681/2002፣ መኪናው እንዲታይ ይፈልጋል፤ አካሉ የተለወጠ መኪና ሳታስመረምር ሰሌዳና ቦሎ አታስብ። መርማሪው ደግሞ መጀመሪያ የሚያዞረው መሪውን ነው።

(በሳምንቱ ቅዳሜ እንደገና ሄድኩ። ጎማዬ ደህና ነበር፤ የሄድኩት ለሊጡ ነው። የጥንቶቹ ቸርኬዎች ተፍቀው ጥቁር ተቀብተዋል፤ ቀጫጭኖቹ ጎማዎች ፊት ናቸው፤ አዲስ የፍሬን ቱቦ ገብቷል። ወንበሮቹ ላይ የአሸዋ ጆንያ ተደርድሯል። ቴክኒሻኑ ክሪኩን ያነሳል፣ ልጅቷ መሪውን ታዞራለች፣ ጋሼ ዱቄት በዱቄት ሆነው ሊጡን በምላጭ ይቆርጣሉ።)

ፓተርን ሠሪዋ፦ የግራው 31 ሚሊ ሜትር።

ቴክኒሻኑ፦ አልኳችሁ! ግራይንደርም አያስፈልገን። የቀኙስ?

ፓተርን ሠሪዋ፦ … 19።

ቴክኒሻኑ፦ ሊሆን አይችልም። ፓራፋንጎዎቹን ባንድ ንድፍ ነው ያወጣኋቸው፤ እኩል ናቸው። ጎማዎቹም እኩል ናቸው።

ጋሼ፦ እኔም ለካኋቸው፣ እኩል ናቸው። ሻንሲውም ቀጥ ያለ ነው። እኩል ያልሆነው ቦዲው የተቀመጠበት ነው፤ ስታስረው 6 ሚሊ ሜትር ተዛንፎብሃል። ከቀኙ ብትቆርጥ ስህተቱን መሸፈንህ ነው።

ቴክኒሻኑ፦ ስለዚህ?

ጋሼ፦ ቦዲውን ፍታው።